ዋግ ጓሮአችን ሲገባ፦ ቲማቲምና ድንቻችንን እንዴት እናድን?

ጓሮ ለእኛ ማኅበረሰብ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። በቂርያት ጋት ከሕንፃው ሥር ባለች ጠባብ መሬት፣ እሷም ከሌለች በሚርፔሴት ላይ በተደረደረ ባልዲ፣ ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙና ቲማቲሙ ይተከላል። አገር ቤት አርሶ የኖረ አባት ዕብራይስጡ ቢያስቸግረውም አፈር ላይ ሲቆም አዋቂ ነው፤ የልጅ ልጆቹ የሚጠይቁት እዚያ ነው። ስለዚህ ለወራት የደከመበት ቲማቲም በጥቂት ቀን ውስጥ እሳት እንደ ለበለበው ጠቁሮ ሲወድቅ፣ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ አይደለም።

እንዲህ ሲሆን አንዳንዱ «ዓይን በላው» ይላል። ሌላው ውሃ አንሶት ነው ብሎ ማታ ማታ በጎማ ቅጠሉን ያርሰዋል። ይኸኛው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ በሽታው የሚፈልገው እርጥብ ቅጠል ነውና።

በሽታውን በመልኩ እንወቀው

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 ዋግና አረማሞ ተከታትለው ተጠርተዋል፤ በዕብራይስጡ ሺዳፎን እና ዬራኮን ይባላሉ። እነዚያ የእህል በሽታዎች ናቸው። ቲማቲምና ድንች ከአሜሪካ ምድር የመጡ ስለሆኑ የእነሱ ዋግ ሌላ ነው፤ እዚህ ኪማሾን ይሉታል። በ1845 አየርላንድ ገብቶ የድንቹን ምርት ያጠፋው፣ ባስከተለው ረሃብም አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀው በዚሁ በሽታ ነው።

ምልክቱ ይኸ ነው፦ ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ቦታ ይወጣል፤ ቶሎ እየሰፋ ይሄዳል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የቅጠሉን ጀርባ ብትገልጡ፣ በጠቆረው ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ግንዱ ይጠቁራል፤ የቲማቲሙ ፍሬም ቡናማና ጠንካራ እድፍ ያወጣል።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ሁለት አሉ። አንደኛው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ጀምሮ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ የተደራረበበት ቡናማ ነጥብ የሚያወጣው ነው፤ እሱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ስሙ ራሱ የሚያሳስት ኪማኾን ነው፤ «ቄማሕ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዱባና ኪያር ላይ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ወደ ማሽቴላ ስትሄዱ የታመመውን ቅጠል በላስቲክ ቋጥራችሁ ወይም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ። በስም ብቻ ከጠየቃችሁ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ልትገዙ ትችላላችሁ።

ወቅቱ ተገልብጧል

አገር ቤት ይህ በሽታ የክረምት ነው። በደጋው አገር ብዙ ገበሬ በዋናው ክረምት ድንች መትከል የሚፈራው፣ በበልግ ወይም በመስኖ የሚተክለው፣ በእሱ ምክንያት ነው። የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከልም «በለጠ» የተባለውንና በሽታውን የተሻለ የሚቋቋመውን ድንች በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ይህንኑ ችግር አይቶ ነው።

እዚህ ግን ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ብርዱና እርጥቡ አብረው ይመጣሉ። በሽታው ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ባለው አየር ይመቸዋል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይደክማል። ስለዚህ የምንሠጋው ከሐምሌና ከነሐሴ ይልቅ በመኸር፣ በክረምትና በፀደይ ነው። ዝናብ ባይዘንብም የሌሊቱ ጤዛ ይበቃዋል።

ምን እናድርግ?

ውሃ ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ አጠጡ፤ ጢፍቱፍ ካለ ከሁሉ ይሻላል። ቲማቲሙን አራርቃችሁ ትከሉ፤ በእንጨት ደግፉት፤ መሬት የሚነኩትን ቅጠሎች ቁረጡ፤ ነፋስ ይግባበት። ለዘር የሱቅ ድንች አትትከሉ፤ በሽታውን በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ድንቹን አፈር አስታቅፉት። ባለፈው ዓመት ከመሬት ቀርቶ በራሱ የበቀለውን ድንች ንቀሉት። በዚያው ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ወይም ጎመን ይሁንበት፤ ይህ ዋግ ጎመን አይነካም።

በሽታው ከታየ የታመመውን ነቅላችሁ በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ አስራችሁ ጣሉ። ማዳበሪያ ክምር ላይ አታድርጉት። ድንች ከሆነ ቅጠሉን አጭዳችሁ አውጡ፤ ሥሩን ግን ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታችሁ ቆፍሩ፤ አለዚያ ቅጠሉ ላይ ያለው ዘር ድንቹን ይበክለዋል።

መዳብ ያለበት መርጫ በሽታው ሳይገባ ይከላከላል እንጂ የጠቆረውን ቅጠል አያድንም። የምትገዙት ለቤት ጓሮ የተፈቀደ ይሁን። ጽሑፉ ዕብራይስጥ ስለሆነ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ያንብብላችሁ፤ በተለይ «የሜ ሀምታና» የሚለውን፣ ማለትም ከተረጨ በኋላ ሳይበላ የሚቆይበትን ቀን። መድኃኒትን ወደ ኮካ ወይም ወደ ውሃ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ስሕተት ነው። ልጅ ከጠጣ ሳትዘገዩ 101 ደውሉ፤ መያዣውንም ይዛችሁ ሂዱ።

የአንዱ ጓሮ የሁሉም ነው

የዚህ በሽታ ዘር በነፋስ ይሄዳል፤ አጥር አያግደውም። «የእኔ ነው፣ ምን አገባህ» የሚባልበት ነገር አይደለም። በሚሽና፣ በታዓኒት ክፍል፣ አንድ ታሪክ አለ፦ ከእኛ ብዙ በማትርቀው በአሽቀሎን የምድጃ አፍ የሚያህል ዋግ ብቻ ስለታየ፣ ሽማግሌዎች ከኢየሩሳሌም ወደየከተማቸው ወርደው ጾም አወጁ። ትንሽ ነው ብለው አልናቁትም፤ የአሽቀሎን ጉዳይ ነው ብለውም አልተዉትም።

እኛም እንደዚያው እናድርግ። ቲማቲማችሁ ላይ የጠቆረ ቅጠል ካያችሁ አትሸሽጉ፤ አያሳፍርም። ዛሬውኑ ነቅላችሁ ለጎረቤት ንገሩ። ዓርብ ካያችሁት ሰንበት ሳይገባ አድርጉት፤ እሑድን አይጠብቅም።