የቪዲዮ ጌም ጨዋታ ጭንቀትን ለማስታገስ ያለው ድርሻና ወሰኑ

በደቡብ ወሎ ዞን አምባሰል ወረዳ የሚገኘው የግሸን አምባ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በመስቀል ቅርጽ በተዘረጋው አናቱና በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል ነው። አምባው ከዚህ ሌላ ብዙም የማይነሳ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን የንጉሣዊው ቤተሰብ ወንዶች ዙፋን እንዳይሻሙ በጥበቃ ሥር እንዲቆዩ ይደረግ የነበረው በዚሁ አምባ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ በ1434 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ሆኑ በ1494 የነገሡት ዐፄ ናኦድ ወደ ዙፋኑ የመጡት ከግሸን ወርደው ነው። ሥርዓቱ በሥፍራው የተቋረጠው እ.ኤ.አ በ1540 የኢማም አህመድ ሠራዊት አምባውን ከያዘ በኋላ ነበር። ዙሪያውን ገደል በከበበው በዚያ ሥፍራ፣ ነገ ይነግሥ ወይም እዚያው ያረጅ እንደሆነ ሳያውቅ ዓመታትን የሚቆጥር ሰው የሚሰማውን ጭንቀት መገመት አያዳግትም።

የመሳፍንቱ ወሬ በተጓዦች አማካይነት አውሮፓ ደርሶ ለልብ ወለድ መነሻ እስከመሆን በቅቷል። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ በ1759 ራሴላስ የተሰኘውን ድርሰት አሳተመ። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ከአገሪቱ ጋር የተዋወቀው ፖርቱጋላዊው ቄስ ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፉትንና እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ በ1735 በእንግሊዝኛ ያሳተመውን የጉዞ መጽሐፍ ሲተረጉም ነበር። በድርሰቱ ውስጥ መሳፍንቱ የሚኖሩት በአምባ ላይ ሳይሆን በአማራ ምድር በሚገኝ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን ሙዚቃውም፣ ጨዋታውም፣ መዝናኛውም ሁሉ ቀርቦላቸዋል። ሆኖም ልዑሉ በዚያ ሁሉ ድሎት መካከል መንፈሱ አልረጋ ይላል።

መዝናኛ ጭንቀትን ያስታግሳል ወይስ ለጊዜው ይሸፍነዋል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በቪዲዮ ጌም ላይ በድጋሚ በመነሳት ላይ ይገኛል። ልዩነቱ በአሁኑ ወቅት ጥያቄውን የሚያነሱት ደራስያን ሳይሆኑ የሥነ ልቦናና የሕክምና ተመራማሪዎች መሆናቸው ነው።

ጭንቀት በራሱ በሽታ አይደለም። አደጋ ሲቃረብ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ አካል ለመሸሽ ወይም ለመቋቋም ይዘጋጃል። ችግር የሚሆነው አደጋው ካለፈ በኋላ ወይም አደጋ በሌለበት ሁኔታ ይኸው ስሜት ሳይለቅ ሲቆይ፣ እንቅልፍ ሲነሳና ሰውን ከሥራውና ከትምህርቱ ሲያስተጓጉል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ2019 ከጭንቀት ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 301 ሚሊዮን ነበር። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ የጭንቀትና የድባቴ ሕመም በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመሩን ድርጅቱ አመልክቷል።

ለአምባሰልና ለአካባቢው ነዋሪዎች ግን ጉዳዩ ከዓለም አቀፍ አኃዝ በላይ ነው። በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ቀጣና ሆነው ቆይተዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም ወደ መንግሥት ቁጥጥር እስኪመለሱ ድረስ ሕዝቡ ተፈናቅሏል፤ የጤና ተቋማትም ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። በዚያ ወቅት የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ወጣት ሆኗል። በዚሁ ላይ የፈተና ጭንቀት ተደምሯል። የትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተናን ውጤት ይፋ ሲያደርግ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው የሚታወስ ነው።

ጨዋታ በዚህ መካከል ምን ሊያደርግ ይችላል ለሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ የሚሰጠው ቴትሪስ በተሰኘው ጨዋታ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ቴትሪስን እ.ኤ.አ በ1984 በሞስኮ የፈለሰፈው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዞረ ክፍተት ሳይተው ይደረድራል። ጨዋታው ቀላል ቢመስልም ቅርጹ ሲዞር ምን እንደሚመስል በሐሳብ መሳልን ይጠይቃል። የሰው አእምሮ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ምስል ውስን ነው። ስለሆነም ቅርጾቹ ቦታውን ሲይዙት አስደንጋጩ ትዕይንት እንደልቡ የሚቀረጽበት ስፍራ ይጠበዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ በመመሥረት በፕሮፌሰር ኤሚሊ ሆልምስ የተመራው የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ በ2009 የመጀመሪያውን የቤተ ሙከራ ውጤት አሳተመ። እ.ኤ.አ በ2017 የታተመው ጥናት ግን ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሆስፒታል ገባ። የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 71 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ አደጋው በደረሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ የደረሰባቸውን ለአጭር ጊዜ እንዲያስታውሱ ከተደረገ በኋላ ቴትሪስ ተጫወቱ። በቀጣዩ ሳምንት እነዚህ ሰዎች ሳይፈልጉት ድንገት ወደ አእምሯቸው የሚመጣው የአደጋው ትዝታ ከሌሎቹ በ62 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በኮቪድ ወቅት በሥራቸው ላይ አስደንጋጭ ሁኔታ በገጠማቸው የስዊድን የጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራም የትዝታው ብዛት መቀነሱን አሳይቷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጥናቱ ያደረገው ስልክ አውጥቶ መጫወትን ብቻ አይደለም። በባለሙያ መሪነት ትዝታውን ለአፍታ መቀስቀስ፣ ከዚያም ቅርጹን በሐሳብ እያዞሩ መጫወት የተሰኘ ቅደም ተከተል አለው። ይህ ቅደም ተከተል ተዘልሎ "ቴትሪስ የጦርነት ትዝታን ያጠፋል" ተብሎ ቢወራ የጥናቱን ፍሬ ማዛባት ይሆናል።

ሁለተኛው ማስረጃ የሚመጣው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ነው። እ.ኤ.አ በ2006 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ከ4 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 112 ሕፃናት በሦስት ተመደቡ። አንዱ ምድብ ወላጅ አብሮት ሲሆን፣ ሁለተኛው በተጨማሪ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጠው፣ ሦስተኛው ደግሞ በእጅ የሚያዝ ጌም ተሰጠው። የማደንዘዣው ጭምብል ሲቀርብላቸው ፍርሃታቸው ያልጨመረ ልጆች በብዛት የተገኙት ጌም ከያዙት መካከል ነው።

ውጤት መጠበቅም እንደ ቀዶ ሕክምና ደጃፍ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደስ የማያሰኝ ግምገማ ሲጠብቁ ለነበሩ ተማሪዎች ሦስት ዓይነት ቴትሪስ ሰጥተው ነበር፤ አንዱ እጅግ ዝግ ያለ፣ አንዱ እጅግ የከበደ፣ አንዱ ደግሞ ከተጫዋቹ ችሎታ ጋር እየተመጣጠነ የሚሄድ። መንፈሳቸው የተሻለ ሆኖ የተገኘው የሦስተኛውን ዓይነት የተጫወቱት ናቸው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሰው በሚሠራው ነገር ተመስጦ ጊዜን የሚረሳበትን ሁኔታ ለዓመታት ሲያጠኑ የደረሱበትም ይኸው ነው፤ ሥራው ከችሎታው ካነሰ ይሰለቻል፣ ከበለጠ ይጨነቃል።

ሕክምናን ታስበው የተሠሩ ጌሞችም አሉ። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ስፓርክስ የተባለው ጌም ከ12 እስከ 19 ዓመት ለሆናቸው የድባቴ ምልክት የታየባቸው ወጣቶች ቀርቦ፣ እ.ኤ.አ በ2012 በ187 ወጣቶች ላይ የተደረገው ጥናት ጌሙ ከተለመደው ምክርና ክትትል ያላነሰ ውጤት ማስገኘቱን አረጋግጧል። በኔዘርላንድስ የተሠራው ማይንድላይት ደግሞ በተለይ ለሚጨነቁ ሕፃናት የታሰበ ነው። ልጁ ራሱ ላይ የሚያደርገው መሣሪያ የአንጎሉን ሞገድ እየለካ፣ ልጁ ሲረጋጋ በጨለማው ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን እንዲደምቅ ያደርጋል።

የማይንድላይት ጥናት ውጤት ከሁሉም የበለጠ አስተማሪ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ በ2016 በታተመው ሙከራ ግማሾቹ ልጆች ማይንድላይትን፣ ግማሾቹ ከጭንቀት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ተራ ጌም ተጫወቱ። የሁለቱም ምድብ ልጆች ጭንቀት እኩል ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ ማሳተማቸው የሚያስመሰግን ሲሆን፣ ልጁን የጠቀመው መሣሪያው ነው ወይስ ጨዋታው፣ ወይስ ይሻለኛል ብሎ መጠበቁ የሚለውን ጥያቄ ግን ክፍት አድርጎታል።

በአገራችን የቪዲዮ ጌም በስፋት የታወቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ስልክ ነው፤ የቀድሞዎቹ የኖኪያ ስልኮች ባለቤት የነበረ ሁሉ የእባቡን ጨዋታ ያስታውሳል። ሁለተኛው በየከተማው ከጆተኒውና ከፑል ቤቱ ጎን የተከፈተው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የመንግሥት ሠራተኛውም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ ከ1990 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ሶሊቴር የተሰኘው የካርታ ጨዋታ፣ ኮምፒውተር ወደ ቢሮ ሲገባ ማውስ መጎተትን ያስለመደና የአለቆችን ቁጣም ያስከተለ ነበር። በአዲስ አበባ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳየውን ኩኩሉን፣ እንዲሁም ገበጣን ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶ አቅርቧል።

ገበጣ ግን ስልክ ሳይጠብቅ ለዘመናት የኖረ ጨዋታ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ጠጠር እየቆጠሩ፣ የባላጋራን ጉድጓድ እያሰሉ መጫወት በቴትሪስ ከሚፈለገው ትኩረት የሚያንስ አይደለም። በዚያ ላይ ጨዋታው ያለ ሁለተኛ ሰው አይሆንም፤ ኤሌክትሪክም ኔትወርክም አይጠይቅም። መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር መልቀም በቂ ነው።

የጨዋታው ጥቅም እንዳለ ሆኖ ጉዳቱም በተመሳሳይ በር ይገባል። ጭንቀት እየበረታ የሚሄድበት ዋነኛው ምክንያት መሸሽ መሆኑን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ፈተና የሚያስፈራው ተማሪ መጽሐፉን ትቶ ጌም ሲጫወት ወዲያው ይቀለዋል፤ ያ መቅለል ግን ነገም መጽሐፉን እንዲሸሽ ያስተምረዋል። ፈተናው ሲቃረብ ጭንቀቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ከጥናትና ከሥራ በኋላ የሚደረግ ጨዋታና በጥናትና በሥራ ምትክ የሚደረግ ጨዋታ፣ ጌሙ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ 11ኛ እትም ውስጥ ያካተተው በዚህ ምክንያት ነው። መዝገቡ እ.ኤ.አ በ2019 ጸድቆ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በመስፈርቱ መሠረት አንድ ሰው የጌም ሕመም አለበት የሚባለው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙን ከሌላው ሕይወቱ ሲያስቀድምና ጉዳት እያየም ሲቀጥልበት፣ ይህም ባብዛኛው ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። የሰዓቱ ብዛት ብቻውን መለኪያ አይደለም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2022 ወደ 39 ሺህ በሚጠጉ ተጫዋቾች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የተጫወቱበት ጊዜ መርዘም በደህንነት ስሜታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያሳየው ወደው መጫወታቸው ወይም ማቆም አቅቷቸው መጫወታቸው ነበር።

የስፖርት ውርርድ ቤትን ከጌም ቤት ጋር አንድ አድርጎ መመልከትም ስህተት ነው። ገንዘብ የተያዘበት ጨዋታ ጭንቀትን የሚያስታግስበት መንገድ የለውም፤ ተሸናፊው የሚወጣው ከገባበት የባሰ ስጋት ይዞ ነው።

ኢትዮጵያ ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገችው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ከትልልቅ ሆስፒታሎች አውጥቶ ከመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤ ጋር የማቀናጀት ዓላማ ነበረው። የዚህ ዓላማ ጠቀሜታ የሚታየው እንደ ግሸን ባሉ ከዋናው መንገድ በራቁ ቀበሌዎች ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለርዕሰ መምህርና ለወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል ኃላፊ ጨዋታ በቀላሉ ሊገኝ የሚችል መሣሪያ ነው። በማዕከሉ ከፑሉ ጎን ገበጣና ሁለት ወንበር ማኖር ወጪው አነስተኛ ነው፤ የጌም ሰዓትን ከጥናት ሰዓት በኋላ ማድረግም በጀት አይጠይቅም።

መሣሪያው የማይበቃበትን ሁኔታ መለየት ደግሞ የእነዚሁ ሠራተኞች ድርሻ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ፣ አንድ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ፣ ያየውን ሁሉ ደግሞ ደግሞ የሚያይ ወጣት በሳምንታት ውስጥ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይኖርበታል። ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ ቀጠሮ ሳይሰጠው በዚያው ዕለት፣ አብሮት የሚሄድ ሰው ተመድቦለት፣ ባለሙያ ዘንድ ሊደርስ ይገባል። ጸበል፣ ጸሎትና ዱአ የሚሄድ ቤተሰብም ይህን ትቶ እንዲመጣ አይጠበቅም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል ሊነገረው ይችላል።