የካሣው ገንዘብና የአንደኛ ክፍል መምህር

በአሜሪካን አገር በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፐርዱ ፋርማ የተባለ ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚሉትን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ለገበያ አወጣ። ሱስ የማስያዝ ኃይሉ ከሌሎቹ ያነሰ ነው እየተባለም ለሐኪሞች ተሰበከ። አባባሉ አሳሳች እንደነበር የኩባንያው እህት ድርጅት በ2007 በፍርድ ቤት አመነ። እስከዚያው ግን ሱሱ ተዛምቷል፤ ክኒን የለመደው ብዙ ሰው ወደ ሄሮይን፣ ኋላም ወደ ፌንታኒል ተሻገረ። ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው ከልክ ባለፈ አደንዛዥ ዕፅና መድኃኒት ሞቷል፤ አብዛኛውን የገደለው ይኸው ኦፒዮይድ የሚባለው ወገን ነው።

ክፍላተ አገሮቹና ካውንቲዎቹ አምራቾችንና አከፋፋዮችን ከሰሱ። ሦስት ታላላቅ አከፋፋዮችና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እስከ 26 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ የአከፋፋዮቹ ድርሻ በ18 ዓመት የሚከፈል ነው። ከገንዘቡም ቢያንስ 85 በመቶው ኦፒዮይድ ያደረሰውን ጉዳት ለማቃለል እንዲውል በውሉ ተጻፈ። ይህ አንቀጽ እንዲያው አልገባም። በ1998 የትምባሆ ኩባንያዎች ለ46 ክፍላተ አገር በ25 ዓመት 206 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ሲስማሙ፣ አብዛኛው ገንዘብ የበጀት ቀዳዳ መድፈኛ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ጥያቄው የወረደው ካውንቲው ዘንድ ነው። የታመመውን ማከም ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ለወጣቱ መጠበቂያ በሚመደበው ላይ ግን እንከራከራለን። አንዳንዱ ቦታ የፖሊስ መኪና ገዝቶበታል። ሌላው ፖሊስ ክፍል ገብቶ ስለ ዕፅ እንዲያስተምር ይከፍላል። ይኼ ዘዴ ተሞክሯል፤ በ1983 ሎስ አንጀለስ ላይ የተጀመረው ዴር የተባለው ትምህርት ነው። ልጆቹም ወላጆቹም ወደውት ነበር። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! ጥናቶቹ ሲቆጠሩ የተማረውም ያልተማረውም ዕፅ በመቅመስ እኩል ሆነው ተገኙ፤ በኋላ ድርጅቱ ራሱ ትምህርቱን ለወጠ።

እኛን መምህራንን የሚመለከተው ሌላው መንገድ ነው። የመልካም ጠባይ ጨዋታ ይባላል፤ በ1969 በካንሳስ በአንድ አራተኛ ክፍል የተደረገው ሙከራ ታትሞ ወጣ። መምህሩ ክፍሉን በሁለት ቡድን ይከፍላል፤ ደንቡን ይነግራል፦ ሳይፈቀድ ከመቀመጫ መነሣት የለም፣ ሳይፈቀድ ማውራት የለም። ደንብ በተጣሰ ቁጥር በጥፋተኛው ቡድን ስም ሥር በጠመኔ አንድ ጭረት ይሰመራል። ጭረቱ ያነሰው ያሸንፋል፤ ሁለቱም ከተወሰነው ቁጥር ካላለፉ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ሽልማቱ ቀላል ነው፤ ለምሳ ቀድሞ መሰለፍ፣ ትንሽ ነፃ ሰዓት። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም። ረባሹን ልጅ ከክፍል የሚያስወጣው የለም፤ እንዲያውም ጓደኞቹ «ተው እንጂ፣ ቁጭ በል» ይሉታል፤ እሱም የቡድኑ ሰው ይሆናል። መቼም ገና በአንደኛ ክፍል የተገለለ ልጅ ኋላ ማንን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

በ1985 የትምህርት ዘመን በባልቲሞር የአንደኛ ክፍል ልጆች ይህን ተጫወቱ። ተመራማሪዎች ከ19 እስከ 21 ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። በተለይ ኃይለኛና ረባሽ ከነበሩት ወንዶች መካከል በዕፅ ሱስ የተጠመደው ጨዋታውን ካልተጫወቱት በእጅጉ አነሰ። ስለ ዕፅ አንድም ቃል አልተነገራቸውም።

ለጠመኔና ለሰሌዳ ቢሊዮን አያስፈልግም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለመምህሩ ሥልጠናና ክፍል ድረስ እየመጣ ለሚያግዘው ባለሙያ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዛሬ የስድስት ዓመት ልጅ ውጤቱ የሚታየው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ የካውንቲው ተመራጭ ግን ምርጫ አለበት። መኪናው በማግሥቱ ይታያል። በባልቲሞር በተከታዩ ዓመት እነዚያው መምህራን ጨዋታውን ለአዲስ ልጆች ሲደግሙት እገዛና ክትትሉ ቀንሶ ነበር፤ ውጤቱም አብሮ ቀነሰ።