ከ40 በኋላ ንግድ መጀመር፦ ቦሌ ላይ የሚወራውና እውነታው

«ንግድ በወጣትነት ነው፤ ከ40 በኋላ ማን ይጀምራል?» ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያት፣ መሥሪያ ቤቱን ለቆ የራሱን ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። እነ ፒየር አዙሌ በአሜሪካ 2.7 ሚሊዮን የድርጅት መሥራቾችን መርምረው በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የመሥራቾቹ አማካይ ዕድሜ 42 ገደማ ነው። ከሁሉም ፈጥነው ያደጉትን ድርጅቶች የመሠረቱት ደግሞ በአማካይ 45 ዓመታቸው ነበር። በኖሩበት ዘርፍ የጀመሩት ይበልጥ ተሳክቶላቸዋል። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዳኛና የሴቶች መብት ተሟጋች ሆነው የኖሩት መዓዛ አሸናፊ ከሌሎች ሴቶች ጋር የመሠረቱት እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 50 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ባንክና የሰፈር ባልትና አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን የሚቆሙት በሚያምንዎ ሰው ነው፣ እምነት ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል።

«በፈቃድህ ከለቀቅህ ባዶ እጅህን ነው የምትወጣው» የሚባለውም ብዙ ሰው እየጎዳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና በሥልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። 16 ዓመት የሠራ ሰው የስድስት ወር ደመወዝ ያህል ይዞ ይወጣል ማለት ነው። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችንና የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ውልዎን ደግመው ያንብቡ።

«ሸሪክ ከሌለህ ፒኤልሲ አይወጣልህም» የሚለው በ1952ቱ የንግድ ሕግ እውነት ነበር። በዚያ ምክንያት ስንቱ ሚስቱን ወይም ወንድሙን በወረቀት አባል አድርጎ በኋላ ተካሷል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ልጆች ለሚያሳድግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ ተጠብቆ የድርጅቱና የቤቱ ገንዘብ እስካልተቀላቀለ ድረስ ሥራው ቢከስር ቤቱ አብሮ አይሄድም።

«ቤት የሌለው አይበደርም» ግማሽ እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መኪና፣ ማሽን፣ የሸቀጥ ክምችት፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሳይቀር በመያዣነት እንዲመዘገብ ፈቅዷል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» በሚባለው የብድር አገልግሎቱ በኩል ለአነስተኛ ነጋዴዎች ያለ መያዣ ያበድራል። ብዙ ባንኮች ግን አሁንም ቤት ያስቀድማሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ «ቦሌ ይከፈት እንጂ ገበያው አይጠፋም» የሚለው ነው። በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሲወድቅ ያየሁት በዕድሜው ሳይሆን በኪራይ ነው። የዓመታት ቁጠባውን ለቁልፍና ለቅድሚያ ኪራይ ያፈሳል፣ በቀረው ጂፕሰምና መብራት ያሠራል፤ በሩ ሲከፈት ለዕቃ መግዣ የሚሆን ገንዘብ የለም። ወረቀት ይዘው ያስሉት። የአንድ ካፌ የወር ኪራይ 60,000 ብር ነው እንበል፣ ከአንድ ማኪያቶ ወተቱ፣ ቡናውና ስኳሩ ተቀንሶ 20 ብር ይተርፋል። ኪራዩን ብቻ ለመክፈል በወር 3,000፣ በቀን 100 ማኪያቶ መሸጥ አለበት፤ የአስተናጋጇ ደመወዝ፣ መብራትና ግብር ገና አልተነኩም። ሰሚት ወይም አያት ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ነዋሪው ማታ ከታክሲ ወርዶ በሚያልፍበት ጠባብ ሱቅ በርበሬና ሽሮ እየመዘነች በላስቲክ የምታሽግ ሴት ብዙ ጊዜ የተሻለ ታተርፋለች። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ በስልክ ያዝዟታል፣ እሷም ልጇን ልካ ታደርሳለች።

ሌላም አለ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጭማሪን የሚቆጣጠረው በመኖሪያ ቤት ላይ ነው፤ የንግድ ሱቅ ተከራይን አይሸፍንም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ጭማሪው በምን ያህልና መቼ እንደሚደረግ፣ ሲወጡም ያሠሩት ዕቃ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ያስገቡ። አከራዩ «እንተማመናለን» ብሎ መጻፍ ካልፈለገ ሌላ ሱቅ ይፈልጉ።