የኑዛዜ ምሥጢር በአገር ሕግና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈባቸው በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች የብዙ ምእመናን ልብ ከባድ ሸክም ተሸክሟል። በዚያ ክፉ ጊዜ የጎረቤቱ ንብረት በእጁ የቀረ ወይም በቂም ወንድሙን የጠቆመ ሰው ንስሐ ሊገባ ሲያስብ፣ «ብናዘዝ ነገሬ ፍርድ ቤት ይደርስ ይሆን?» ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ይህ ስጋት ማንንም ከንስሐ እንዳያስቀር፣ ሕጉና ሥርዓቱ የኑዛዜን ምሥጢር እንዴት እንደሚጠብቁት በአጭሩ እንመለከታለን።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያቸው ያወቁትን ምሥጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል። በዚህ ድንጋጌ ከጠበቆች፣ ከሐኪሞችና ከአዋላጆች ጋር የሃይማኖት አገልጋዮችም ተቆጥረዋል። ባለ ምሥጢሩ አቤቱታ ሲያቀርብ ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 21 በእስር ላይ ያለ ሰው ከሐኪሙና ከጠበቃው ሌላ የሃይማኖት አማካሪውን የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

የሕጉ ከለላ ግን ወሰን አለው። በአንቀጽ 400 መሠረት ባለ ምሥጢሩ በግልጽ ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት በግልጽ ሲወስን ምሥጢሩን የተናገረው አገልጋይ አይቀጣም።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዚህ የጠነከረ ነው። ተነሳሒው የሚናዘዘው በካህኑ ፊት ለእግዚአብሔር ነው፤ ለካህናት የተሰጠው የማሰርና የመፍታት ሥልጣንም (ማቴ. 18፥18) ነፍስን ለማዳን ነው። ስለዚህ ካህኑ የሰማውን ለቤተሰቡም ሆነ ለወዳጁ አይነግርም። ሕግ ባይቀጣው እንኳ በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቅበታል። እኛ ዲያቆናት ኑዛዜ የመቀበል ሥልጣን ስለሌለን፣ ኃጢአቱን ሊነግረን የሚጀምረውን ወደ ካህን እንመራዋለን።

ሆኖም ምሥጢሩ መጠበቁ የበደለውን ከካሳ ነጻ አያደርገውም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገብቷል (ሉቃ. 19፥8)። የንስሐ አባትም የሰው ገንዘብ እንዲመለስ፣ የተበደለው እንዲካስ ያዝዛል፤ እንደ በደሉ ክብደት ራስን ለሕግ ማቅረብንም ሊመክር ይችላል። ነገሩን የሚያወጣው ግን ተነሳሒው ራሱ ነው።

ኑዛዜም ከንስሐ አባት ጋር ለብቻ የሚፈጸም ነው፤ በጽዋ ማኅበር በጨዋታ መካከል የተነገረ ነገር ኑዛዜ አይባልም። እንግዲህ ሸክም የከበደን ሁሉ ሳንፈራ ወደ ንስሐ አባቶቻችን እንቅረብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።