የኮቴጅ አይቡና የሞኖፖል ሕጉ

በመዝከረት ባትያ ወይም በረሖቮት ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ የትኑቫን ኮቴጅ አይብ ያውቀዋል፤ ዕቃው ላይ ትንሽ ቤት የተሳለችበት ነው። የእስራኤል መንግሥት የኮቴጅን ዋጋ መተመን እ.ኤ.አ. በ2006 አቆመ። በሰኔ 2011 ዋጋው ወደ 8 ሸቀል ሲጠጋ ሸማቹ በፌስቡክ ተጠራርቶ አልገዛም አለ፤ ወዲያው ከ6 ሸቀል በታች ወረደ።

ታዲያ የሞኖፖል ሕጉ የት ነበር? ሕጉማ ከ1988 ጀምሮ አለ። ከአንድ ገበያ ከግማሽ በላይ የያዘን ድርጅት ሞኖፖል ይለዋል፤ ከ2019ኙ ማሻሻያ ወዲህ ድርሻው ከዚያ ቢያንስም ገበያውን እንደልቡ የሚያዝ ከሆነ ያው ነው። ሞኖፖል መሆን ግን አያስከስስም። የሚያስከስሰው ጉልበትን ያለአግባብ መጠቀም ነው፤ ለምሳሌ ባለሱቁን «የሌላውን ዕቃ ከመደርደሪያህ አውርድ» ብሎ ማስገደድ። እንዲህ ያለው ነገር ደብዳቤ ይተዋል፣ ምስክር ይገኝለታል። ዋጋ ማስወደድ ግን አስቸጋሪ ነው። ስንት ሲሆን ነው ከመጠን አለፈ የሚባለው? ዳኛው የወተቱን፣ የጉልበቱን፣ የማጓጓዣውን ወጪ አስልቶ ተገቢውን ትርፍ ሊቆርጥ ነው? ሸማቾች በትኑቫ ላይ ያነሡት የጋራ ክስ እንዲቀጥል የማዕከላዊ ወረዳ ፍርድ ቤት የፈቀደው በ2016 ነው፤ አይቡ ከረከሰ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል!

በእኔ ግምት የሕጉ ብርቱ ክንድ ውህደት ላይ ያለው ነው፤ ቀድሞ ይደርሳላ። ትልልቅ ኩባንያዎች ከመዋሃዳቸው በፊት የውድድር ባለሥልጣኑን ማስፈቀድ ግድ ይላቸዋል። እሱም የትናንት ጥፋታቸውን ትቶ፣ ነገ ለገዢው ምን አማራጭ ይቀርለታል ብሎ ይመዝናል።

የእጅ ስልኩን ገበያ እንይ። በ2012 ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ሲገቡ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ጎላን ያልተገደበ ጥቅል በወር 99 ሸቀል ይሸጥ ነበር። በ2015 ነባሩ የስልክ ኩባንያ ሴልኮም ይህንኑ ዋጋ ሰባሪ በ1.17 ቢሊዮን ሸቀል ለመግዛት ተስማማ፤ ባለሥልጣኑ በ2016 ከለከለው። በማግስቱ ዓመት ጎላንን ኤሌክትራ የተባለ ኩባንያ በ350 ሚሊዮን ሸቀል ገዛው። በ2020 ሴልኮም ዳግም ጠየቀ፣ ተፈቀደለትም። ነገሩ መገለባበጥ ይመስላል፤ ነገር ግን በመሃል፣ በ2018፣ ኤክስፎን የተባለ አዲስ ተፎካካሪ ገበያውን ተቀላቅሏል። በ2016 ቢዋሃዱ ኖሮ ከአምስቱ ተፎካካሪዎች አራት ይቀሩ ነበር፤ በ2020 ከስድስቱ አምስት ቀሩ።