መጋረጃ ከመሰቀሉ በፊት
የመስኮት ልክ የሚወሰደው በብረት ሜትር ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር እየተለጠጠ ያሳስታል። ዘንጉ ከመስኮቱ ጠርዝ በግራም በቀኝም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ መጋረጃው ሲከፈት ብርሃን አይጋርድም። የጨርቁ ወርድ የዘንጉን ርዝመት እጥፍ ያህል ካልሆነ ሽንሽኑ አያምርም። ቁመቱ ከቀለበቱ ጀምሮ ይለካል፤ ከወለሉ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል አቧራ አይጠርግም።

ዋናው ጣጣ ያለው የዘንጉ መያዣ የሚታሰርበት ግድግዳ ላይ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሚስማር አይዝለትም፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር (የፕላስቲክ መሰኪያ) ከገባበት በኋላ ብሎን ይታሰራል። በጭቃ ቤት ግን ፊሸር ከንቱ ነው፤ መያዣው የሚመታው ከልስኑ ስር ባለው እንጨት ላይ ነው። ከ2 ሜትር የሚረዝም ዘንግ መሃሉ ላይ ሦስተኛ መያዣ ይፈልጋል፤ አለዚያ በተለይ ከባድ ጨርቅ ሲሰቀልበት ይጎብጣል።