የንብረት ግብር ጣሪያ ሲበጅለት ክፍተቱን ማን ይሞላዋል?



በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን ካጸደቀ ወዲህ «ታክሱ ጣሪያ ይበጅለት» የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ጣሪያው ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት የአሜሪካዋን ካሊፎርኒያ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚያ ግዛት የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮ ናረ። ገቢያቸው ያልጨመረ ጡረተኞች የኖሩበትን ቤት እንዳያጡ ሰጉ፤ ስጋታቸውም እውነተኛ ነበር። በ1978 ሕዝቡ «ፕሮፖዚሽን 13» የተባለውን የግዛቱን ሕገ መንግሥት ማሻሻያ 65 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አጸደቀ። ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ግብሩ ከንብረቱ ግምት 1 በመቶ አይበልጥም፤ ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም፤ የግዛቱን ግብር ለመጨመር የሕግ አውጪው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ውጤቱስ? የንብረት ግብር ገቢ ወዲያውኑ ከግማሽ በላይ ወረደ። ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ይተዳደሩ የነበረው ከዚሁ ገቢ ስለነበር፣ የግዛቱ መንግሥት ካጠራቀመው ትርፍ ደጎማቸው። ሆኖም ገንዘብ የሚሰጥ አካል ውሳኔውንም ይይዛል። በየአካባቢው ይወሰን የነበረው ብዙ ጉዳይ ወደ ዋና ከተማዋ ሳክራሜንቶ ተሻገረ።

የግዛቱ በጀትም ይበልጥ በገቢ ግብር፣ በተለይ በባለጸጎች ገቢ ላይ ተንጠለጠለ። የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ በጀቱም አብሮ ይናጋል። በ2009 የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ካሊፎርኒያ ጥሬ ገንዘብ አጥሯት ለአንዳንድ ተከፋዮች «ወደፊት እከፍላለሁ» የሚል ሰነድ እስከ መስጠት ደረሰች። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ክፍያ በ32 በመቶ ለመጨመር ወሰነ። የበጀት ጉድለት መጨረሻው እንደ እኛ ያለ ተማሪ ኪስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የፍትሕ ጥያቄም አለ። ተመሳሳይ ቤት ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ከ40 ዓመት በፊት ሌላው ዘንድሮ ስለገዛ ብቻ፣ እጅግ የተለያየ ግብር ይከፍላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 ይህ አሠራር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። ጣሪያው ለጡረተኛዋ ጎጆ ብቻ ሳይሆን ለትልልቅ ኩባንያዎች ሕንፃም ያገለግላል፤ ይህን ለመቀየር በ2020 የቀረበው ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ ወድቋል።

ስለዚህ ስለ ጣሪያ ስንከራከር ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ከለላው የሚደርሰው ለተቸገረው ነው ወይስ ለሁሉም? የጎደለውንስ ማን ይከፍላል?